የአባቴ ጓሮ፣ የእኔ ዳስ

ከመኝታ ቤቴ መስኮት ፊት ለፊት አንድ የእንጨት ዳስ ቆሟል። ርዝመቱ ስድስት ሜትር፣ ወርዱ አራት ሜትር ነው። ግድግዳም በርም የለውም። የጣሪያው ጣውላዎች ሦስት ሦስት ጣት እየተራራቁ የተመቱ ስለሆኑ ፀሐይ እየተቆራረጠች ትገባለች። ከሥሩ ባለ አራት እርከን መደርደሪያ አለ፤ እዚያ ላይ ሰባ ሁለት ተክሎች በየቁመታቸው ተሰልፈዋል። ፍኖተ ሰላም ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ቦታ አይገኝም። ያየው ሁሉ ያደንቀዋል፤ የሠርግ ፎቶ እንነሳበት ብለው የመጡ ሙሽሮችም ነበሩ። ንድፉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ነገር ግን ያን መስኮት ከከፈትሁ ወራት አለፉኝ፤ ማየቱ ራሱ ያንገሸግሸኛል።

ሥራዬ የቤት ፕላን መንደፍ ነው። ለዓመታት የነደፍሁት አንድ ዓይነት ቤት ነው፤ ፊት ለፊት ሳሎን፣ ከኋላ ለኪራይ የሚሆኑ ሰርቪሶች፣ ግቢው በሙሉ ሲሚንቶ። አንዲት ዛፍ ከተረፈች ባለቤቱ «ይቺ ቦታ እኮ አንድ ክፍል ታስወጣ ነበር» እያለ ይቆጨዋል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በከተማው ዳር የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራ ያሰበ ሰው እንግዶች አበባ የሚያዩበት የእንጨት ዳስ ንደፊልኝ አለኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቼ ሁለት ሳምንት ሙሉ እሱ ላይ ከረምሁ። ከዚያ መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን የሚዘጋበት ጊዜ መጣና ሲሚንቶውም ጠፋ፣ ሰውየውም ጠፋ። ንድፉ ኮምፒዩተሬ ውስጥ ቀረ። መብራት በመጣ ቁጥር እየከፈትሁ አየው ነበር።

አባቴ ከቡሬ ወጣ ብሎ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ገጠር ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። አገሬው የኔታ ይላቸዋል። ከቅኔው ሌላ መድኃኒትም ያውቁ ነበር። ይህን ማንም በግልጽ አያወራውም። ቤቱ በሽተኛ ያለበት ሰው በማለዳ በጓሮ በኩል ይመጣና አጥሩ ሥር ቆሞ ይጠብቃል። አባቴ ከማንም ጋር ቃል ሳይነጋገሩ ይነሳሉ፤ ጥላቸው ተክሉ ላይ እንዳያርፍ ዞረው ይቆማሉ፤ በጋቢያቸው ከልለው የሚቆርጡትን ይቆርጣሉ። የተክሉን ስም አይጠሩም። ስሙ የተጠራና ዐይን የበዛበት መድኃኒት ኃይሉ ይሸሻል ብለው ያምኑ ነበር።

ጓሯቸውን ሌላ ሰው ቢያየው የሰነፍ ገበሬ ጓሮ ይመስለዋል። ሳማው፣ እምቧዩና ጌሾው ተደበላልቀው ነው የሚበቅሉት፤ መድኃኒቶቹ በእነሱ መካከል ተሸሽገዋል። ልጅ ሆኜ እዚያ መግባት አይፈቀድልኝም ነበር። ለታላቅ ወንድሜ ይፈቀድለታል። ለምን ብዬ ስጠይቅ እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «እሱ ለአንድ ልጅ ብቻ ነው የሚተላለፍ፤ እሱም ለወንድ» ብላ እንስራ ታሸክመኛለች። እኔም ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ወንድሜ ከአባቴ ኋላ ኋላ ሲሄድ አይ ነበር። የፈለግሁት ቅጠሉንና ሥሩን ብቻ አልነበረም። አባቴ በዚህ ዓለም ካለው ሰው ሁሉ እኔን መርጠው አጠገባቸው አስቀምጠው እንዲነግሩኝ ነበር የፈለግሁት። ይህ ምኞት ትልቅ ሰው ከሆንሁም በኋላ አልለቀቀኝም።

ወንድሜ ግን ድቁናውን ትቶ አዲስ አበባ ገባ። እዚያ የስልክ ዕቃ ይሸጣል። ስለ ቅጠል የሚባል ነገር መስማት አይፈልግም።

አባቴ ዐይናቸው እየደከመ፣ ትንፋሻቸውም እያጠራቸው ሲሄድ ፍኖተ ሰላም ወደ እኔ ቤት አመጣኋቸው። ሐኪሙ ልባቸው እንደደከመ ነገረኝ፤ ብዙም ተስፋ አልሰጠኝም። እንግዲህ ያ ሁሉ ዕውቀት በአንድ ደካማ ሽማግሌ ደረት ውስጥ ነበር፤ ለማንም አልተነገረም። አንድ ቀን ምሳ ላይ ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ያ የጓሮው ነገር እንዴት ይሁን?»

«የቱ ጓሮ?»

«የእርስዎ ጓሮ ነዋ።»

«ጓሮው ምን ይሆናል? ባለበት አለ።»

«እርስዎስ?»

ፈገግ አሉ። «እኔም ባለሁበት አለሁ። ወንድምሽ ይመጣል።»

ወንድምሽ ይመጣል! እግራቸውን የማጥበው እኔ፣ ሐኪም ቤት ደግፌ የማመላልሳቸው እኔ፣ የሚመጣው ግን ወንድሜ። ሳህኑን አንስቼ ጓዳ ገባሁና አለቀስሁ። በንዴት ነው ያለቀስሁት። አባቴን በዚያች ቀን ጠላኋቸው ብል ውሸት አይሆንም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ገጠር ያለው የአጎቴ ልጅ ደወለ። የአባቴን ጓሮ ለድንች ሊያርሰው ፈልጓል። «ምንም እኮ የለበትም፤ ጫካ ነው» አለኝ። እሱ እንዲህ ሲል ነው ያ ኮምፒዩተሬ ውስጥ የተኛው ንድፍ ትዝ ያለኝ። ተክሎቹን ነቅዬ አመጣቸዋለሁ። ዳሱን እዚህ ግቢዬ ውስጥ እሠራለሁ። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን በሳማ መካከል የደበቋቸውን ተክሎች እኔ በክብር አስቀምጣቸዋለሁ፤ ሰው ሁሉ ያያቸዋል፤ አባቴም ይህን ሲያዩ ከወንድሜ ይልቅ ለእኔ እንደሚገባ ያውቃሉ። እንዲህ ነበር ያሰብሁት። እውነቱን ከተናገርሁ ደግሞ ዳሱን መሥራት ራሱ አምሮኝ ነበር፤ ሰበብ ነበር የጎደለኝ።

አናጢው ከእንጅባራ በኩል የመጣ አዊ ሰው ነው። ሲለካ በአገውኛ ይቆጥራል፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ይከራከራል። ፕላኑን ስሰጠው ገልብጦ አየው፤ ከዚያ መልሶ አቃናው።

«እህት ዓለም፣ ግድግዳው የት አለ?»

«የለውም።»

«በሩስ?»

«የለውም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምሠራልዎ?»

«ጥላውን» አልሁት። ሳቀብኝ፤ ግን ሥራውን አሳምሮ ነው የሠራው። ቋሚዎቹ የደረቀ ባሕር ዛፍ ናቸው፤ መሬት የሚገባውን ጫፋቸውን ምስጥ እንዳይበላው በተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀባው። ማገሩን ከቋሚው ጋር በምስማር ብቻ ማያያዙ አላረካውም፤ ቋሚውን እየቦረቦረ አገባው። እኔ አጠገቡ ቆሜ የጣውላዎቹን ክፍተት በጣቴ እለካለሁ። ከጠዋት እስከ አራት ሰዓት ያለው ፀሐይ ይግባ፣ የቀትሩ ይቀንስ፣ የላይኛው እርከን የታችኛውን አይጋርደው፤ ሁሉንም አስቤበት ነበር። አባቴ የመዶሻውን ድምፅ ሲሰሙ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። የአበባ ማስቀመጫ ነው አልኋቸው።

አንድ ቀን አናጢው ምን ዓይነት አበባ ልተክልበት እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርሁት። መዶሻውን መሬት አስቀመጠ።

«የየኔታን? ሲነቅሏቸው የኔታ ምን ይሉ ይሆን?»

«አያውቁም። ሊደነቁ ነው» አልሁት።

ትንሽ አየኝና መዶሻውን አነሳ። ያን ዕለት ሌላ ነገር አልተናገረኝም፤ እኔም ደክሞት ነው ብዬ አለፍሁት።

በሰኔ መጀመሪያ ዝናቡ መሬቱን ሲያለሰልሰው፣ መንገዱም ተከፍቷል ሲባል፣ አንድ አይሱዙ ይዤ ሄድሁ። አባቴን ቡሬ ሥራ አለኝ ብያቸው ነበር። ሹፌሩ ከቀትር በኋላ መንገዱ ሊዘጋ ይችላል እያለ ያጣድፈኛል። የአጎቴ ልጅና ሚስቱ ዶማ ይዘው አገዙኝ። በልጅነቴ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ የማየው ጓሮ ውስጥ በቦቲ ጫማ ገባሁ። ሳማና እምቧይ መሆኑን ያወቅሁትን ትቼ ሌላውን ሁሉ ከነአፈሩ አስነቀልሁ። ትልልቁን በአንድ ጆንያ፣ ትንንሹን በሌላ ጆንያ፣ ለስላሳውን በካርቶን አደረግሁ፤ እንዳይሰባበር ብዬ ነው። በሦስት ሰዓት ውስጥ ጨረስን። ስንወጣ ዘወር ብዬ አየሁት፤ ጉድጓድ ብቻ ነበር። አፈሩ ጥቁርና እርጥብ ነበር፤ እኔም በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ግቢዬ ደርሼ በዘይት ጣሳና በሸክላ ተከልኋቸው። ጥቂቶቹ ሞቱ፣ የቀሩት ሥር ያዙ። ከዚያ ወደምወደው ሥራ ገባሁ። ረጃጅሞቹን ከኋላ፣ አጫጭሮቹን ከፊት አደረግሁ። ጠቆር ያለ ቅጠል ካለው አጠገብ ነጣ ያለውን፣ ሰፊ ቅጠል ካለው አጠገብ ቀጭኑን አስቀመጥሁ። ሳምንት ሙሉ ሳወጣና ሳወርድ፣ ከአስፋልቱ ዳር ቆሜ ሳይ፣ ተመልሼ ሳዛውር ከረምሁ። ያኔ ያነሳኋቸው ፎቶዎች ዛሬም ስልኬ ውስጥ አሉ፤ ከሁለት መቶ ይበልጣሉ።

መስከረም ላይ ሰማዩ ሲጠራ አባቴን እጃቸውን ይዤ ወደ ዳሱ ወሰድኋቸው። ያኔ ዐይናቸው ጥላና ብርሃን ነበር የሚለየው። እጃቸውን አንዱ ቅጠል ላይ አሳረፍሁላቸው። ጣታቸው ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ አንዲት ለስላሳ ተክል ላይ ሲደርስ ቆመ፤ እንዳወቋት ገባኝ። ወዲያው እጃቸውን ሰብስበው ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡት።

«ከዚያ የመጡ ናቸው?» አሉኝ።

«ሁሉም ከዚያ።»

«ሰውም ያየዋል?»

«ከአስፋልቱ ሳይቀር ይታያል!» አልኋቸው በኩራት።

ፊታቸውን ወደ ቤቱ መለሱ። ከዚያ «እጅሽ ይባረክ» አሉ። «ደክሞኛል፤ ወደ ቤት መልሽኝ።»

እንደ ምርቃት ተቀበልሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አባቴ ፀሐይ ሊሞቁ ሲወጡ ወንበራቸውን ወደ አጥሩ አዙሪልኝ ማለት ጀመሩ። ጀርባቸውን ለዳሱ ሰጥተው ይቀመጣሉ። ጎረቤት እየገባ ሲያደንቅ፣ ሴቶች አንዱን ቅርንጫፍ ለሳሎን ጠርሙስ ቀንጥሰው ሲወስዱ፣ ልጆች የተክሎቹን ስም እየጠሩ ሲከራከሩ ይሰማሉ። አንድ ቀንም ክፉ አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ዝምታ ለመረዳት የአባቴ ልጅ መሆን ይበቃኝ ነበር፤ እኔ ግን እንደ አንድ መጤ እንግዳ «አልወደዱት ይሆን?» እያልሁ አስብ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ከልለው የያዙትን ነገር አውጥቼ መንገድ ዳር አሰጣሁት። ይህን ለመረዳት ሳምንታት ፈጀብኝ፤ ሲገባኝም የምገባበት ጠፋኝ። እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቅ አስብና ንግግሩ ራሱ ነገሩን የሚያብስ ይመስለኛል። ወንበራቸውን ወደ አጥሩ እያዞርሁ ሰነበትሁ።

ኔትወርክ በመጣ በአንዱ እሁድ ወንድሜ ደወለ። ስልኩን ድምፁን ከፍቼ አባቴ ጆሮ አጠገብ አደረግሁት። አባቴ በዙሪያ ገብተው፣ መንገዱ ከተከፈተ ብቅ ቢል ደስ እንደሚላቸው፣ የሚነጋገሩት ነገር እንዳለ ነገሩት።

«አባባ፣ የቅጠሉን ነገር ከሆነ ይተውት በቃ» አላቸው። «አሁን እኮ ለሁሉም ክኒን አለ። እኔ ልማር ብልም ጊዜው የለኝ።»

«መልካም ልጄ፣ መልካም» አሉት።

መስመሩ ከተቋረጠ በኋላም ስልኩን እንደያዙት ቆዩ። ከዚያ ሳምንት በኋላ ከአልጋ አልተነሱም።

ኅዳር መግቢያ ላይ አንድ ማለዳ ጠሩኝ። ጠጋ ስል በሩን እንድዘጋ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ እንድይዝ ነገሩኝ። በሩን ዘግቼ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«ወንድምሽ አይመጣም» አሉ። «ለሴት ልጅ አይነገርም የሚለውን በመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ከአባቴ አፍ ነው የሰማሁት። እሳቸውም ከአባታቸው። ይሄንን ሳስብ ነው የከረምሁ። አንቺ ነሽ የቀረሽኝ።»

እጃቸውን ሳምሁት። ይህን ቃል ለመስማት ስንት ዓመት እንደጠበቅሁ ለማንም ልነግር አልችልም። ስለ ዳሱ ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር እጃቸውን ወዘወዙ። «እሱን ተይው። ጻፊ።»

ከዚያ ዐይናቸውን ጨፍነው መናገር ጀመሩ። ስም አልጠሩም፤ ያኔም እንኳን ስም አልጠሩም። በልባቸው ጓሯቸው ውስጥ ገብተው ይሄዱ ነበር።

«በአጥሩ በር ግቢ። ቀኝሽን ይዘሽ ስትሄጂ ጠፍጣፋ ድንጋይ ታገኛለሽ። ከድንጋዩ አንድ ክንድ ርቃ ያለችው ለወፍ በሽታ ናት። ከሷ ወደ ጌሾው ሦስት እርምጃ ሂጂ፤ እዚያ ሁለት ናቸው፤ የግራውን ያዢ፤ እሱ ላበደ ውሻ ነው...»

እጽፋለሁ። ዕለቱን፣ ሰዓቱን፣ ሥሩ ይሁን ቅጠሉ፣ ልኩን፣ አንድ ሳያስቀሩ ይነግሩኛል፤ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ያርፉና ካቆሙበት ይቀጥላሉ። የመጀመሪያውን ገጽ የጻፍሁት ፈገግ እያልሁ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበርሁ፣ እንዲህ ሲሉ፦

«ከድንጋዩ በላይ ያለችውና ከድንጋዩ በታች ያለችው መንታ ናቸው። ቅጠላቸውን ብታዪው አትለይውም፤ እኔም አልለየውም። የላይኛዋ ታድናለች። የታችኛዋ ትገድላለች። የሚለያቸው ቦታቸው ብቻ ነው።»

እስክሪብቶው ቆመ።

በእኔ ሙያ ማንኛውም ጀማሪ የሚያውቀው ነገር አለ። ነባር ነገር ከመፍረሱ በፊት ይለካል። አሮጌ ወጥ ቤት እንኳን ስናስፈርስ መጀመሪያ ሜትር ይዘን እንገባለን፤ የቱ ከየት እንደነበረ በወረቀት ይሰፍራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ዶማ የሚነሳው። በዚህ እኔ ራሴ ስንቱን ግንበኛ ስቆጣ የኖርሁ ሰው ነኝ። የዳሱን ክፍተት በጣት ለክቻለሁ። የአባቴን ጓሮ ግን አንዲት መስመር አላሰመርሁለትም። ጫካ መሰለኛ! እኔም እንደ አጎቴ ልጅ ጫካ ነው ብዬ ነው የገባሁበት። አባቴ በየእርምጃው ያሰፈሩትን መጽሐፍ ገጽ በገጽ ገንጥዬ በቁመትና በቀለም ደርድሬዋለሁ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉ።

«አባባ፣ ቅጠሉን ባመጣልዎስ? ቢዳስሱት፣ ቢያሸቱት?»

«አፍንጫዬም ከዐይኔ ጋር ሄዷል። ሽታ ከለየሁ ቆየሁ፤ መዳበስ ብቻውን መንታውን አይለይም። ምን ያደርግልሻል? አንቺ አይዶለሽ የነቀልሻቸው? የቱን ከየት እንደነቀልሽ ታውቂያለሽ። ያንቺ ሥራ መለካት አይዶለም?»

ፊታቸውን አየሁት። እንዲህ ያለ እምነት በእኔ ላይ ጥለው አያውቁም ነበር። የዘጋሁትን በር፣ የተጨፈነውን ዐይናቸውን፣ በጉልበቴ ላይ ያለውን ወረቀት አየሁ። እውነቱን ብነግራቸው ምን እንደሚሆኑ አሰብሁ።

«አውቃለሁ» አልኋቸው። «ሁሉንም ለክቻለሁ።»

«አውቅ ነበር» አሉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ጭንቀት ለቀቀ። ከዚያ ቀጠሉ። ሁለት ማለዳ ሙሉ ነገሩኝ፤ እኔም ሁለት ማለዳ ሙሉ ጻፍሁ። አሥራ አራት ገጽ ሆነ። ከዚያ በጻፍሁት ውስጥ አንዲቷን እንኳን በዳሱ ካለች ተክል ጋር ላገናኛት እንደማልችል እያወቅሁ፣ ያመለጠኝ እንዳይኖር «ይቅርታ አባባ፣ ይድገሙልኝ» እል ነበር። እሳቸውም በትዕግሥት ይደግሙልኛል። የአባቴና የእኔ ጥሩው ጊዜ ያ ነበር። ከዚያ በፊት እንዲያ ተቀምጠን አናውቅም።

በአራተኛው ቀን አረፉ። ለነፍስ አባታቸው «ለልጄ ሰጥቻለሁ፤ የቀረብኝ የለም» ብለው ነበር፤ ይህን ቄሱ ለቀብር በመጣው ሰው መካከል ተናገሩት። ሽማግሌዎች ዘወር ብለው አዩኝ። ለሴት ልጅ መሰጠቱ ያስገረማቸውም ነበሩ፤ ግን በየኔታ ቃል ላይ ማን ይናገራል? አንገቴን ደፍቼ ቆምሁ። ሀዘኑ መስሏቸዋል። የተሰማኝ ሀፍረት ነበር፤ ከሀዘኑም የበለጠ ሀፍረት።

ከአርባቸው በኋላ መንገድ ሲገኝ ወደ ጓሮው ሄድሁ። ጉድጓዶቹን አይቼ ምናልባት አንድ ሁለቱን ባስታውስ ብዬ ነው። ድንች ሆኗል፤ ያማረ ድንች። ጠፍጣፋውን ድንጋይ የአጎቴ ልጅ አንስቶ ለአጥሩ መሠረት አድርጎታል፤ ከየት እንዳነሳው ጠየቅሁት። «ከዚህ አካባቢ» አለና በእጁ ግማሹን ጓሮ አሳየኝ። ድንች ከመሆኑ በፊት የተነሳ የጓሮው ፎቶ ስልኬ ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጆንያውን አይሱዙ ላይ ስንጭን የተነሳሁት ነው፤ ፊት ለፊቱ እኔ ቆሜ እስቃለሁ።

ወረቀቱን ይዤ በዳሱ ሥር ስንት ቀን እንደዋልሁ አላውቅም። ግማሾቹ ተራ አረም ሊሆኑ ይችላሉ። መንታ የሚመስሉ ስድስት ጥንዶች አሉ። በመጨረሻ ወረቀቱን አጥፌ በአባቴ ዳዊት ውስጥ አስቀመጥሁት።

ሰው መምጣት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ከደምበጫ መጣ፣ ከቡሬ መጣ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ከፈረስ ቤት በኩል ሁለት ቀን ተጉዛ መጣች። በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። ሴት ልጇ በወፍ በሽታ ዐይኗ ቢጫ ሆኖ እህል ከከለከላት ሰንብቷል። ጤና ጣቢያ ወስዳት ነበር፤ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይዘሻት ሂጂ ብለዋት መንገዱ አላሳልፍ አላት። «የኔታ እናቴን አድነዋታል» አለችኝ። «ላንቺ እንደሰጡሽ ሰምቼ ነው የመጣሁ።»

«እህቴ፣ እኔ አላውቅም» አልኋት። «እውነቴን ነው። ልጅቱን ወደዚህ አምጫት፤ እዚህ ሆስፒታል አብሬሽ እወስዳታለሁ።»

ተከፍታ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ፊቷ በራ። ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ያዘች።

«የኔታም መጀመሪያ እንዲሁ ነበር የሚሉ» አለች። «አላውቅም ይሉና ሰው ደጃቸው ሲያድር ይሰጡ ነበር። ደንቡን አውቃለሁ፤ አላስቸግርሽም።»

እንደማላውቅ በእግዚአብሔር ስም ማልሁላት፤ ወረቀቱን አውጥቼ አሳየኋት፤ ማንበብ እንደማትችል ነገረችኝ። የነቀልሁት እኔ መሆኔን፣ ቦታው እንደጠፋ፣ አንዷ እንደምታድን ሌላዋ እንደምትገድል፣ ሁሉንም ነገርኋት። በአክብሮት አዳመጠችኝ። ስጨርስ፣ «ግድ የለም፣ ፈቃድሽ እስኪሆን እጠብቃለሁ» አለችና ሄዳ ከዳሱ ጥላ ሥር፣ ተክሎቹ ላይ ዐይኗ እንዳያርፍ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ ተቀመጠች።